የኔሊ ፊት በሠላሳ መስመር

ሻምበል ንዋይ ከስኔልቪል ተነሥቶ በሰባ ስምንት ቁጥር መንገድ ወደ ከተማው ሲነዳ የመኪናው ፍጥነት ከሠላሳ አምስት ማይል ፈቀቅ አላለም። ከኋላው የሚመጣው ሁሉ ጥሩንባውን እያስጮኸ ያልፈዋል። አንዱማ መስኮቱን አውርዶ፣ ምን እንዳለው እግዜር ይወቅ፣ እጁን እያወናጨፈ ሄደ። ሻምበል ዞርም አላለለት። የመንገዱ መጋጠሚያ መኪናዋን ባንገራገጫት ቁጥር ትንፋሹን ውጦ በመስታወት ወደ ኋላ ወንበር ያያል።

«ሻምበል፣ እንዲህ ቀስ ካሉማ ፖሊስ ስቶፕ ያደርግዎታል» አለችው አጠገቡ የተቀመጠችው ዘውድነሽ።

«ያድርገኝ። ምን ጭነሃል ሲለኝ ቴሌቪዥን እለዋለሁ።»

«ያንን አሳይተው ቴሌቪዥን ነው ካሉትማ ወደ ጣቢያ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል ነው የሚወስድዎት» ብላ ሳቀች።

ፈረንጆቹ 1986 በሚሉት ዓመት፣ የጥቅምት ቅዳሜ ጧት ነበር። «ሻምበል» የሚለው ማዕረግ ከንዋይ ጋር ሱዳንን አቋርጦ፣ ካርቱም ሦስት ዓመት ተቀምጦ፣ አትላንታ ገብቷል። ንዋይ በመገናኛ ክፍል ሃያ ዓመት ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። አሁን ጦሩም የለ፣ ሬዲዮውም የለ፤ ግን ክርስትና ላይ ይሁን ለቅሶ ላይ ንዋይ ብሎ በደረቁ የሚጠራው ሐበሻ አይገኝም። የሚሠራበት የቴሌቪዥን ጥገና ሱቅ ባለቤት እንኳ የቤተሰብ ስሙ መስሎት በሥራ ልብሱ ደረት ላይ «ሻምበል» ብሎ በቀይ ክር አስጠልፎለታል። ሻምበልም አላረመውም። ለምን ያርመዋል? ደስ ይለዋል እንጂ።

ከኋላ ወንበር በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የተኛው ነገር ሰፌድ የሚያህል ስስ የአሉሚኒየም ዲስክ ነው። ጠርዙን ይዘው ሠላሳ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ዞረውታል። እያንዳንዷ ቀዳዳ ከቀደመቻት ትንሽ ወደ መሃል ገባ ብላ ስለተበሳች ሠላሳዎቹ አንድ ላይ ሲታዩ እንደ ቀንድ አውጣ ጀርባ ይጠመዘዛሉ። አንድ የበርሊን ተማሪ ያሰበው ከመቶ ዓመት በፊት ነው ይላሉ። ዲስኩ ሲሽከረከር የመጀመሪያዋ ቀዳዳ የሰውየውን ፊት አንድ ጠርዝ ታያለች፤ ሁለተኛዋ ቀጥሎ ያለውን፤ ሠላሳኛዋ ስትደርስ ፊቱ በሠላሳ መስመር ተሸንሽኖ አልቋል። ያ ሽንሽን ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ በሬዲዮ ሞገድ ይሄዳል። በወዲያኛው ቤት ሌላ ዲስክ እኩል ይሽከረከራል፤ ከጀርባው አንድ የኒዮን አምፖል እየደመቀ እየፈዘዘ ይበራል፤ ሠላሳው መስመር ተመልሶ ይሰፋና ፊት ይሆናል። ይኸው ነው ቴሌቪዥን ማለት በዚያን ጊዜ። ሰዎች ማታ ማታ ክብሪት ሳጥን በምታህል መስኮት ውስጥ ሲያፈጡ ያመሹ ነበር። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የመስታወቱ ቱቦ መጣና ዲስኩን ሁሉ ጠራርጎ ከቆሻሻ ጣለው።

ከቆሻሻ የተረፈው አንዱ እንግዲህ የሚስተር ዊልበር ነው። ዘውድነሽ እኚህን ሽማግሌ ስትንከባከብ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ጧት ትገባለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች፣ ምሳ ታበላለች፣ ማታ ትወጣለች። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ሚስት አላገቡም፣ ልጅ የላቸውም። የዓይናቸው መሃል እየጠፋ ዳር ዳሩ ብቻ ነው የቀራቸው፤ ሰው ሲያነጋግሩ ፊቱን ለማየት ጆሮውን ነው የሚመለከቱት። ሐኪሙ የቀረችውም ብትሆን ለገና አትደርስም ብሏቸዋል። ያን ዕለት ነበር ዘውድነሽን ከጋራዥ አንድ ሣጥን አውጪልኝ ያሏት። በሣጥኑ ውስጥ የተጣመመ ዲስክ፣ የተቃጠለ ሞተር፣ የኒዮን አምፖል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ የአሉሚኒየም ሸክላ ነበር።

ሸክላው ላይ ዘፈን የለም። ያለበት ፊት ነው። በ1931 የሃያ ሁለት ዓመቱ ዊልበር ከጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ትንሽ የምስል ማሰራጫ ሠርተው ነበር፤ ተቀባዮቻቸው ሦስት ጓደኞቻቸው ብቻ ናቸው። አንድ ቀን ታናሽ እህታቸውን ኔሊን በጨለማ ክፍል አስቀምጠው፣ ከንፈሯ እንዲጎላ ጥቁር ቀለም ቀብተው፣ የፊቷን የኤሌክትሪክ ምልክት እንደ ድምፅ ሸክላ ላይ ቀዱት። ኔሊ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት በሳምባ በሽታ ሞተች። ቆይቶም ቤታቸው ሲቃጠል ያሉት ፎቶግራፎች ሁሉ አብረው ነደዱ። ሚስተር ዊልበር አሁን የሚፈልጉት አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ዓይናቸው ጨርሶ ሳይጨልም ያንን ፊት አንድ ጊዜ ማየት። ዘውድነሽም ይህን ሰምታ እንቅልፍ አጣች። «የኛ ሻምበል ይሠሩታል፤ እሳቸው የማይሠሩት ነገር የለም» ብላ ቃል ገባች። ገብታም አልቀረች፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ አወራች።

ሻምበል ደግሞ ሲያሞግሱት ደረቱ ይነፋል። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ ደከመበት። ዲስኩን አቃና፤ የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በቀጭን ትራፓኖ ከፈተ። በተቃጠለው ሞተር ፋንታ ሌላ ከአሮጌ ማሽን ነቅሎ አመጣ። ሞተሩ ከዲስኩ ስለሚፈጥን በሁለት ፑሌጃና በቺንጋ ፍጥነቱን ማብረድ ነበረበት፤ ዲስኩ በሴኮንድ አሥር ጊዜ መዞር አለበት፣ ካነሰም ከበዛም ፊት የለም። ቺንጋው የሚዞርባቸውን ሁለቱን ክብ ፑሌጃዎች ከጠንካራ እንጨት ራሱ ቀረጻቸው። ስሌቱን ያገኘው ከደብተሩ ነው። ጠንካራ ልባስ ያለው፣ በመገናኛ ትምህርት ቤት ሳለ በእጁ የጻፈው፣ ሱዳን በረሃ ላይ ውኃ ጥሎ እሱን የያዘው ደብተር ነው። «ሰው ይዋሻል፤ ደብተሬ አይዋሽም» ይላል ሁልጊዜ።

ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ካለው ጡብ ቤት ደጃፍ ፓርክ ሲያደርጉ ሚስተር ዊልበር ከረባት አሥረው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው በረንዳ ላይ ቆመዋል።

«ካፕቴን!» አሉት። «ሚስ ዘውዲ!»

«እንደምን አደሩ፣ ሚስተር ዊልበር?» አለ ሻምበል ጎንበስ ብሎ። የአሜሪካ ደቡብ ሰው በዚህ በዚህ እንደኛው ነው፤ ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ አይጠራም። ሻምበልና ሽማግሌው ከመጀመሪያው ቀን የተግባቡት በዚህ ይመስለኛል። እንግሊዝኛው ሲያልቅበት ዘውድነሽ ትሞላለታለች።

ሣሎን ገብተው መጋረጃውን ዘጉ። ሻምበል ዲስኩን ከእንጨት መቆሚያው ላይ ሰቀለ፤ ሞተሩን አሠረ፤ ቺንጋውን አጠለቀ። አምፖሉን ከዲስኩ ጀርባ፣ ማጉያ መስታወቱን ከፊቱ አደረገ፤ የሸክላ ማጫወቻውንም በሽቦ ከአምፖሉ ጋር አገናኘ። ከዚያ ከኪሱ ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ አወጣ። በውስጡ ስድስት እሾህ አለ፤ ከቤቱ ጓሮ ካለ ዛፍ ቆርጦ በብርጭቆ ወረቀት ያሾላቸው ናቸው። አሉሚኒየም ገር ነውና የብረት መርፌ ያርሰዋል፤ ድሮም በእሾህ ነበር የሚጫወተው።

«ወይ ጉድ፣ እሾህ ሰክተን ቴሌቪዥን ልናይ ነው!» አለች ዘውድነሽ። «ቆይ ግን፣ ለምን መጀመሪያ በካሴት አንቀዳውም?»

«ካሴት ይለግማል፤ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። ለዘፈን ምንም አይደል፤ ፊት ግን ይቀዳደዳል።»

ሚስተር ዊልበር ሸክላውን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ካፕቴን፣ ሞኝ ነበርኩ። በ1934 ናፍቃኝ በብረት መርፌ አጫወትኳት። የቀረው ትንሽ ነው። ሦስት ጊዜ ከተሸከመ ጥሩ ነው፤ አራተኛ የለውም።»

ሻምበል ሞተሩን አስነሣ። ዲስኩ ፉጨት እያሰማ መሽከርከር ጀመረ። እሾሁን ሸክላው ላይ ሲያስቀምጥ ከማጉያው ውስጥ ብርቱካን መልክ ያለው ብርሃን ተንቦገቦገ። ሚስተር ዊልበር ፊታቸውን ወደ ማጉያው አስጠጉ። ሻምበልም ከትከሻቸው በላይ ያያል። ያየው ግን ፊት አልነበረም፤ የተንጋደደ ጭረት ብቻ ነው፣ እየጎረፈ የሚያልፍ ጭረት። አምፖሉን አስጠጋ፣ አራቀ፣ ማጉያውን አዞረ። ሦስት ደቂቃ አለቀና እሾሁ ሸክላው መሃል ደርሶ ተንፏቀቀ።

«የማስተካከያ ጉዳይ ነው» አለ ሻምበል። እሾህ ቀየረ፤ ሽቦውን ሁሉ መረመረ፤ እንደገና አስነሣ። አሁንም ያው ጭረት ነው። ዘውድነሽ እጇን አገጯ ሥር አድርጋ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ትላለች። ሁለተኛውም አለቀ። ሻምበል ሞተሩን አጠፋው።

ሚስተር ዊልበር ወንበራቸው ላይ ተደገፉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ተወው ካፕቴን» አሉ ቀስ ብለው። «አንተ የምትችለውን አድርገሃል። እኔ ነኝ የፋቅኋት። ያን ጊዜ በብረት መርፌ ፊቷን የፋቅሁት እኔው ራሴ ነኝ። ሚስ ዘውዲ፣ ዕቃውን ወደ ሣጥኑ መልሺው።»

ዘውድነሽ እንባዋን እየጠረገች የድሮውን የተቃጠለ ሞተር ከጠረጴዛው ሥር አነሣችና ለሻምበል አቀበለችው። ሻምበል ሊያስቀምጠው ሲል ዓይኑ ሞተሩ ሆድ ላይ በተጣበቀች ዝገታም ሳህን ላይ ወደቀ። ስልሳ ሳይክል ትላለች።

ስልሳ።

ሻምበል ደብተሩን ከቦርሳው አወጣና ያንን ገጽ ገለጠ። የሞተሮች ፍጥነት ሠንጠረዥ ነው። ከሠንጠረዡ አናት ላይ በገዛ እጁ ጽሑፍ፣ አስምሮበት፣ «በሃምሳ ሳይክል» ይላል። አዲስ አበባ መብራቱ በሴኮንድ ሃምሳ ጊዜ ይመላለሳል፤ አሜሪካ ስልሳ ጊዜ። ሞተርም መብራቱን ተከትሎ ነው የሚሮጠው። አምስት ዓመት ሙሉ አትላንታ ውስጥ ቴሌቪዥን ሲጠግን ሞተር ነክቶ አያውቅም፤ የመስታወቱ ቴሌቪዥን ምን ሞተር አለው! እናም ዲስኩ በሴኮንድ አሥር ጊዜ መዞር ሲገባው አሥራ ሁለት ጊዜ ሲዞር ነበር። ሸክላው ደኅና ነው። ኔሊ እዚያው አለች። ከሦስቱ ሁለቱን ያቃጠለው እሱ ነው።

ደብተሩን ከደነው። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ሽማግሌው ራሳቸውን ወቅሰዋል፤ ዘውድነሽ ሞተር አታውቅም። ሣጥኑ ተዘግቶ ወደ ጋራዥ ይመለሳል፣ እሱም ሻምበልነቱን ይዞ ወደ ስኔልቪል ይሄዳል፣ እሑድ ዕለት «ሞክረው ነበር እኮ፣ ሸክላው አርጅቶ እንጂ» ይባልለታል። አፍሮ አያውቅም ነበርና ማፈር ከበደው። ግን ቀና ብሎ ሲያይ ሚስተር ዊልበር በባዶው ማጉያ ላይ እጃቸውን ጭነው ተቀምጠዋል፤ ሃምሳ አምስት ዓመት የጠበቁትን ነገር ራሳቸው እንዳጠፉት አምነው። ይህን ተሸክመው እንዲኖሩ መተው አልቻለም። አንጀቱን በላው።

ከተቀመጠበት ተነሣና፣ አዛዡ ፊት እንደሚቆም፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ዘውዴ፣ የምነግርሽን ቃል በቃል ንገሪልኝ። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ የእኔ ነው። የሀገሬን ቁጥር ይዤ መጥቼ ፑሌጃውን አሳስቼ ቀረጽኩት።»

ዘውድነሽ ደነገጠች። አየችው፤ ሽማግሌውን አየች፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ማሽኑ ላይ አንዳንድ ትንንሽ ችግር ሊኖር ይችላል ይላሉ፣ አለች።

«አይደለም!» አለ ሻምበል፤ ይህን ያህል እንግሊዝኛ አያጣም። «ለምን ታለባብሺልኛለሽ? እሱ ነው ያጠፋው በይ!»

«እንዴት ብዬ፣ ሻምበል? እኔ እኮ ስንት ነገር ብዬ ነው ያመጣሁዎት! አላፍርም?»

«አብረን እንፈር። በይ።»

ተናገረች። ድምፅዋ እየተቆራረጠ ሃምሳውንም ስልሳውንም አስረዳች። ሚስተር ዊልበር የሻምበልን ጆሮ አቅጣጫ እያዩ ሰሟት። ጉንጫቸው ቀላ።

«ሁለት ጊዜ» አሉ። «ኔሊን ሁለት ጊዜ።»

«ሁለት ጊዜ» አለ ሻምበል። አንገቱን ግን አልደፋም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

የግድግዳው ሰዓት ይሰማል፤ ውጪ አንድ ሰው ቅጠል ይጠርጋል። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ፑሌጃውን በጣታቸው ለኩት፣ አንዴ ትልቁን፣ አንዴ ትንሹን።

«ስለዚህ አልፋቅኋትም» አሉ።

«አልፋቋትም።»

«እንጨት ነው አይደል ይሄ? እዚሁ ትልገዋለህ?»

«በአንድ ሰዓት» አለ ሻምበል።

ሌላ ነገር አልተባለም። ሻምበል ሸክላውንና ዲስኩን አርቆ ሞተሩን ብቻውን አስነሣውና የሚሽከረከረው ትንሹ ፑሌጃ ላይ ሞረዱን አስደገፈ። ዱቄቱ በሸሚዙና በቅንድቡ ላይ ይበናል። አራት ሚሊሜትር ዙሪያውን መውረድ አለበት። እየላገ ያቆማል፣ በካሊፐር ይለካል፣ ደግሞ ይልጋል። ዘውድነሽ መብራት ይዛለታለች፤ ተቀይማዋለች፣ ግን ይዛለታለች። ሊጨርስ ሲል ሚስተር ዊልበር «ትንሽ ተውለት፣ ፈጠን ይበል» አሉት። «የቀረውን በአውራ ጣት እንይዘዋለን። እኛ ድሮ እንደዚያ ነበር፤ የዲስኩን ዘንግ በአውራ ጣት ፍሬን እያደረግን ነበር ሰው የምናየው።»

እንዳሉት አደረገ። ሞተሩን በማሠሪያው ላይ ወደ ኋላ ስቦ ቺንጋውን አጠበቀ። አዲስ እሾህ ሰካ።

«በስመ አብ በሉ» አለ፤ ለሁሉም ነው ያለው።

ዲስኩ ተነሣ፤ ፉጨቱ አሁን ወፈር ያለ ነው። ሻምበል አውራ ጣቱን ዘንጉ ላይ አሳረፈ፤ በግራ እጁ እሾሁን አስቀመጠ። ሚስተር ዊልበር ማጉያው ላይ ተደፉ። ብርሃኑ ግንባራቸው ላይ ይጨፍራል።

«አለች?» አለ ሻምበል።

ሽማግሌው ፊታቸውን ይበልጥ አስጠጉ።

«ሚስተር ዊልበር፣ ፊት አለ?»

«ብርሃን አያለሁ» አሉ። «ይንቀጠቀጣል። ሌላ ምንም የለም።»

ሦስተኛውንም! ሻምበል አንገቱን አስግጎ በሽማግሌው ጉንጭ በኩል ወደ መስታወቱ አየና ጣቱ ደርቆ ቀረ። ክብሪት ሳጥን በምታህለው መስኮት ውስጥ፣ በብርቱካን ብርሃን ውስጥ፣ አንዲት ልጅ ቀስ እያለች ወደ ላይ ትንሸራተታለች። ጣቱን ትንሽ ጫን ሲያደርገው ቆመች። ዓይን አላት። አፍ አላት።

«አለች! እዚህ አለች! ሚስተር ዊልበር፣ እዚህ ናት!»

ሽማግሌው ማጉያው ላይ ዓይናቸውን ወዲያም ወዲህም አሉ፤ በዳሩም ሞከሩ። ቀስ ብለው ቀና አሉ። ያን ጊዜ ሦስቱም ገባቸው። ማሽኑ ደኅና ነው፤ ያለቀው የሳቸው ዓይን ነው። ዘውድነሽ አፏን በእጇ ያዘች። ሸክላው ግን ለማንም አይጠብቅም፤ እየዞረ ነው።

«ቦታ እንቀያየር» አሉ ሚስተር ዊልበር። ድምፃቸው ፈጣን ነበር፣ የወጣት። «ጣቴን ምራልኝ። የት ነው ዘንጉ? እኔ እይዛታለሁ፤ አንተ እያት።»

«እኔ አይቻት ምን ያደርግልዎታል?»

«ትነግረኛለህ። ስለ ስልሳው ሳይክል እውነቱን የነገርከኝ ሰው ነህ። አትጨምር፣ አትቀንስ። ንገረኝ!»

ሻምበል እጃቸውን ይዞ ዘንጉ ላይ አስቀመጠላቸው፤ ተቀመጠ፤ አየ። እንግሊዝኛው ወዲያው ጠፋበትና በአማርኛ ለቀቀው፤ ዘውድነሽ ከአፉ እየነጠቀች ታቀብላለች።

«ጸጉሯ አጭር ነው፣ ጆሮዋ ድረስ። ወደ ግራ ተከፍሏል። ግንባሯ ሰፋ ያለ ነው። ትንሽ ያዝ ያድርጉ፣ ሽቅብ እየሄደች ነው… እንዲያ፣ በቃ። ዓይኗን ጨፍናለች፤ ብርሃኑ ሳይወጋት አይቀርም። ከፈተች። የእርስዎ አፍንጫ ነው ያላት፣ ጫፉ ቀና ያለ። አንገትጌዋ ነጭ ነው። ጎን ዞረች፤ ሰው ያናገራት ይመስላል።»

«እኔ ነኝ» አሉ ሚስተር ዊልበር። «ወደኔ ነው የዞረችው።»

«ተመለሰች። ትናገራለች፤ ከንፈሯ በፍጥነት ነው የሚሄደው። ድምፅ የለም። ሳቅ መጣባት፤ ልትይዘው ትሞክራለች።» ከዚያ ሻምበል ዝም አለ።

«ምነው? ጠፋች?»

«አለች።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ሻምበል ከማጉያው ላይ ዓይኑን ሳያነሣ ፊቱ ተለዋወጠ። «ዘውዴ፣ እንዴት ብዬ ልበላቸው? ነውር አይሆንም? የሞተች እህታቸው እኮ ናት።»

«ምን አደረገች?»

«ምላሷን አወጣችባቸው። ይኸው፣ እስከ አገጯ! ዓይኗንም አንሸዋረረችው።»

«ይንገሯቸዋ! አትጨምር አትቀንስ ብለዋል!»

ሻምበል ዞሮ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ራሱ ነገራቸው፤ ቃሉ ሲጠፋው የራሱን ምላስ አውጥቶ አሳያቸው፣ አያዩትም እንጂ። የሚስተር ዊልበር አውራ ጣት ከዘንጉ ተነሣ፤ ዲስኩ ፈጠነና ልጅቷ ተንሸራትታ ሄደች። ሽማግሌው መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቅ ይሁን ልቅሶ የማይታወቅ ድምፅ ከሆዳቸው ወጣ፤ ቆይቶ ሳቅ ሆነ፣ ከእንባ ጋር።

«ራሷ ናት» አሉ። «ወይኔ ኔሊ! ረስቼው ነበር፤ ሦስት ደቂቃ ቁጭ በይ ብያት ስለተናደደች ነው። ካፕቴን፣ ሰውን ለማጽናናት ብሎ ይህን የሚፈጥር የለም። በእውነት አየሃት።»

«በእውነት አየኋት» አለ ሻምበል፤ የሱም ዓይን ሞልቶ ነበር።

እሾሁ ሸክላው መሃል ደርሶ ተንፏቀቀ። ሻምበል አነሣው፤ ሞተሩንም አጠፋ። ዲስኩ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ቆመ፤ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ታዩ። ዘውድነሽ መጋረጃውን ልትከፍት ተነሣች። ሚስተር ዊልበር ወንበራቸውን ስበው ወደ ሻምበል ተጠጉ፤ ጉልበታቸው ጉልበቱን ነካው።

«እንደገና ንገረኝ» አሉት። «ከጸጉሯ ጀምር።»

ሻምበልም ከጸጉሯ ጀመረ።